ለ45-70 ጥይት ፕሮግረሲቭ ማሽን ልግዛ ወይ?

ወንድሜ፣ ሰላም ነው? ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ሌቨር አክሽን፣ ማለትም ቃታው ስር ባለ እጀታ የሚቀባበል፣ 45-70 ጠመንጃ ገዝተሃል። የፋብሪካ ጥይት ዋጋ አስደንግጦሃል። ስለዚህ የተተኮሰውን ቀለህ ጋራዥህ ውስጥ ራስህ መልሰህ ለመሙላት አስበህ፣ «በአንዴ ፕሮግረሲቭ ማሽን ልግዛ ወይስ በትንሹ ልጀምር?» ብለሃል። ፕሮግረሲቭ ማለት በአንድ ጉተታ ብዙ ሥራ አብሮ የሚሠራ መሙያ ማሽን ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ውጅግራም፣ ያን የድሮ የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ አይቼ ልቤ ሄዷል፤ በዚያው ማሽን ይሞላል ወይ?» የምትል ጣል አድርገሃል።

አጭሩ መልሴ፦ ፕሮግረሲቩን አሁን አትግዛ። ረጅሙ መልስ ግን ትንሽ ታሪክ አለው። እኔ ራሴ ገዝቼዋለሁ፣ ተናድጄበታለሁ፣ ልሸጠው ፎቶ አንስቼ ነበር፣ በኋላ ታርቀን ዛሬም እሠራበታለሁ። ስለዚህ ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ። ቡናው ጥይት መሙያ ጠረጴዛ ላይ ግን እንዳይሆን። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያለሁት ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። መሙላት ያስለመደኝ አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ነው። ጡረታ ሲወጣ አሮጌ ነጠላ ማሽኑን ሰጠኝ። ነጠላ ማለት እጀታውን አንዴ ስትጎትት አንድ ሥራ ብቻ የምትሠራ ናት። ሁሉንም ቀለህ በዳይ (ቀለሁን ቅርጽ በሚያስይዝ የብረት መሣሪያ) ወደ ልኩ ታጠባለህ፣ ከዚያ ዳዩን ትቀይርና የሁሉንም አፍ ትከፍታለህ፣ ከዚያ እንደገና። ዘገምተኛ ናት። ያን ጊዜ እኔም እንዳንተ ቸኩዬ ነበር። የታክስ ሪፈንድ ሲገባልኝ ሮጬ ፕሮግረሲቭ ገዛሁ። ባለቤቴ እስካሁን ያንን ሪፈንድ ታነሳብኛለች።

መጀመሪያ ስለ ጥይቱ ላውራ። ጥይቱን ካላወቅከው የማሽኑ ጣጣ አይገባህም። 45-70ን የአሜሪካ ጦር የተቀበለው በፈረንጆች 1873 ነው። የተሠራው «ትራፕዶር» ለሚባለው ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ ነበር። 45ቱ የአረሩ ውፍረት በመቶኛ ኢንች ነው። 70ው ደግሞ የጥቁር ባሩዱ ክብደት በግሬን። 70 ግሬን ወደ 4 ግራም ተኩል ይመጣል። የመጀመሪያው አረር 405 ግሬን ነበር፣ ወደ 26 ግራም። ቀለሁ የተሰፋው እንግዲህ ለዚያ ሁሉ ጥቁር ባሩድ ልክ ነው፤ እስከ አፉ ይሞላ ነበር።

ዛሬ የምንጠቀምበት ጭስ አልባ ባሩድ በትንሹ ብዙ ኃይል ይሰጣል። ቀለሁ ግን ያው የድሮው ነው። የአስር ሰው ድስት ውስጥ የሁለት ሰው ወጥ እንደማለት ነው። ባዶ ቦታ ይተርፋል። ባዶ ቦታ ካለ ደግሞ በስህተት ሁለቴ ብትጨምርበትም ድስቱ አይፈስም። አረሩን ከላይ ትደፍነዋለህ፤ ከውጭ ሲያዩት ከሌላው አይለይም። ተኩሰህ እስክታየው ድረስ ማለቴ ነው።

አሁን ማሽኑን አስበው። ፕሮግረሲቭ ላይ የሚሽከረከር ሳህን አለ። አራት ወይም አምስት ቀለህ አብረው ይቆማሉ። እጀታውን ስትጎትት የመጀመሪያው የድሮ ፕራይመሩን (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ትንሽ ቆብ) ተፍቶ ወደ ልኩ ይጠባል። እጀታውን ስትመልስ አዲስ ፕራይመር ይገባለታል። ሁለተኛው ባሩድ ይቀበላል። ሦስተኛው አረር ይቀመጥበታል። አራተኛው አፉ ይጠብቃል። ሁሉም በአንድ ጉተታ። ደስ ይላል፤ ሙዚቃ አለው። ችግሩ አራት ሥራ በአንዴ ሲሠራ ዓይንህ አንድ ብቻ መሆኑ ነው።

እስቲ ራስህን ጠይቅ። በዓመት ስንት ትተኩሳለህ? በ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ የሚለማመድ ሰው አንድ ቅዳሜ 200 ይጨርሳል። ለእሱ ፕሮግረሲቭ ጽድቅ ነው። 45-70 ግን ትከሻ ይጠይቃል። እኔ ከ20 ጥይት በኋላ ከሰደፉ ጋር ጠብ እንጀምራለን። ዓመቱ ሙሉ ተደምሮ 300 ብሞላ ነው። 300 ጥይት በነጠላዋ ማሽን የጥቂት ምሽቶች ሥራ ነው። በሰዓት መቶዎች የሚተፋ ማሽን ለዚህ ምን ያደርጋል? ዘጠኝ ሰው ለማይሞላው ቤት አውቶቡስ መግዛት ነው።

ገንዘብ መቆጠቡ ላይ ትክክል ነህ። የፋብሪካው 20 ፍሬ ፓኮ በቀላሉ ከ40 ዶላር ያልፋል። አንድ ፓውንድ ባሩድ 7000 ግሬን ነው። ለስሌት ያህል ብቻ በአንድ ጥይት 40 ግሬን ብንል፣ ከአንድ ፓውንድ 175 ጥይት ይወጣል። ይህን ቁጥር እንዳትሞላበት፤ ለሒሳብ ነው ያልኩህ። ቀለሁን በለዘብተኛ ግፊት ከተኮስክ ደጋግሞ ይሞላል። ዋናው ወጪ አረሩ ነው። ቁጠባው ግን በየትኛውም ማሽን ያው ነው። ፕሮግረሲቩ የሚቆጥብልህ ሰዓት እንጂ ብር አይደለም።

አሁን ወደ ተናደድኩበት ልምጣ። የመጀመሪያው ቅባት ነው። የሽጉጥ ጥይት ዳይ ብዙ ጊዜ ካርባይድ ከሚባል በጣም ጠንካራ ቁስ የተሠራ ነውና ያለ ቅባት ይሄዳል። የ45-70 ዳዮች በአብዛኛው ብረት ናቸው። ቅባት የረሳኸው ቀለህ ዳዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። በነጠላዋ ማሽን ከሆነ አንድ ቀለህ ተቀረቀረብህ ትላለህ፣ በቃ። በፕሮግረሲቩ ግን ያ ሲቀረቀር ከኋላው ባሩድ የያዘ፣ ባሩድ የሚጠብቅና አረር የተቀመጠበት ሌሎች ቆመዋል። ሁሉም ግማሽ መንገድ ላይ። አስታውሰው፣ ዋናው አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ባሩዱ ራሱ ነው። ለዚህ ጥይት ከሚመረጡት አንዱ አይ ኤም አር 3031 ነው። ጥሩ ባሩድ ነው። ቅንጣቱ ግን እንደ ጣፍ አይደለም፤ እንደተቆራረጠ ስንደዶ ነው። የባሩድ መስፈሪያው ቱቦ ውስጥ አንዳንዴ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ድልድይ ይሠራል። ያኔ አንዱ ቀለህ ጎዶሎ ይቀበላል። ቀጥሎ ድልድዩ ሲፈርስ የሱ ቀሪና የራሱ ድርሻ ተደምሮ የሚቀጥለው ላይ ይወርዳል። ሁለት ጥይት፣ ሁለቱም የተበላሹ፣ ጎን ለጎን። በነጠላዋ ማሽን 50 ቀለህ ሰሌዳ ላይ ደርድረህ በባትሪ ስታያቸው ወዲያው ይታይሃል። በፕሮግረሲቭ ግን ለማየት አንድ ሰከንድ ነው ያለህ። ያውም ካየህ።

አሁን ያቺን ቀን ልንገርህ። ማሽኑን በገዛሁ በሦስተኛው ወር ነው። ማታ፣ ከሥራ መልስ። ፕራይመር አልገባ አለ። ጎትቼ ገፍቼ፣ ሳህኑን በእጄ አዙሬ አስተካከልኩ። ስልኬ ጮኸ፤ አናገርኩ። ተመልሼ ቀጠልኩ። ያን ሳምንት ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ላይ አራተኛውን ጥይት ስተኩስ «ጓ!» የሚለው ቀርቶ «ጡፍ» አለ። ምቱም የለም። እጄ በልምድ ሌቨሩን ሊያወርድ ሲል አጠገቤ ያለው ጓደኛዬ «ቁም!» ብሎ ጮኸብኝ። አስቀመጥኩት። አራግፈን በርሜሉን በብርሃን ስናይ ዝግ ነው። ባሩድ ያልገባበት ጥይት ነበር። ፕራይመሯ ብቻዋን አረሩን ገፍታ መሀል በርሜል ላይ ጥላዋለች።

ከኋላው ሌላ ብተኩስ ኖሮ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይቀደዳል። ግራ እጄ ደግሞ እሱ ላይ ነበር። በናስ ዘንግ ቀስ እያልን መትተን አወጣነው። ያን ቀን የሞላኋቸውን 60 ጥይቶች አንድ በአንድ በመዶሻ መፍቻው (እየመታ አረሩን ከቀለሁ በሚያወጣው መሣሪያ) ፈታሁ። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ሌላ ባዶ አልነበረም። ግን አንዷ ላይ ከልኩ በላይ ባሩድ አገኘሁ። ያቺን ሳይ ነው እግሬ የተብረከረከው።

ማሽኑ አልበደለም። ያቋረጥኩት እኔ ነኝ፣ ካቋረጥኩበት ሳይሆን ያቋረጥኩ ከመሰለኝ ቦታ የቀጠልኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ። ማንኛውም ነገር ከያዘ፣ ስልክ ከጮኸ፣ ልጅ ከጠራኝ፣ ሳህኑ ላይ ያለው ሁሉ ይነሳል። ባሩዱ ወደ ዕቃው ይመለሳል። ቀለሆቹ ወደ መጀመሪያው። ግማሽ የተሠራ ነገር ላይ አልቀጥልም። ስልኩም አሁን ጋራዥ አይገባም።

«በእጅ የሚዞር ሳህን ይሻላል ወይስ ራሱ የሚዞር?» የምትል ጥያቄ መከተሏ አይቀርም። የዲሎን ኩባንያ 550 ዓይነቶቹ አራት ጣቢያ (ቀለህ የሚቆምበት ቦታ) አላቸው፣ ሳህኑን በእጅህ ነው የምታዞረው። 750ውና የሆርናዲው ሎክ-ኤን-ሎድ አምስት ጣቢያ ናቸው፣ ራሳቸው ይዞራሉ። በእጅ የሚዞረው ላይ ማዞር ከረሳህ እዚያው ቀለህ ላይ ሁለተኛ ባሩድ ታወርዳለህ። ራሱ የሚዞረው ይህን ስህተት ይቀንሳል፤ ግን ሲይዝ መላ ቅጡ ይጠፋል። በተረፈው ተጨማሪ ጣቢያ ላይ የባሩድ ከፍታ የሚለካ መቆጣጠሪያ ይገባል፤ ካነሰ ወይ ከበዛ ይጮሃል፣ አንዳንዱም እጀታውን ይቆልፋል። እኔ ያለኝ በእጅ የሚዞረው ነው። ለዚህ ትልቅ ቀለህ እሱ ይስማማኛል፣ ምክንያቱም ሳላዘው አይንቀሳቀስም። ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ማሽኑ ራስ ላይ ለጥፌያለሁ። እያንዳንዱን ቀለህ ውስጡን አይቼ ነው አረር የማስቀምጠው። ቆሜ ነው የምሠራው፤ ተቀምጬ ውስጡ አይታየኝም።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያድንህ የባሩድ ምርጫ ነው። ቀለሁን ከግማሽ በላይ የሚሞላ ባሩድ ምረጥ። እንዲህ ያለውን ሁለቴ ብትጨምር ይፈሳል፤ ጠረጴዛው ላይ ታየዋለህ። ትንሽ ቆንጥሮ የሚበቃው ፈጣን ባሩድ ርካሽ ይመስላል። በዚህ ቀለህ ውስጥ ግን ሁለት ልኩም ሦስት ልኩም ተደብቆ ያድራል።

እንግዲህ ከታረቅን በኋላ እንዴት እንደምሠራ። በሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር ማሽኑ ላይ የሚጠባው ዳይ ብቻ አለ፤ ባሩድም ፕራይመርም የለም። የተቀቡትን ቀለሆች አሳልፋለሁ። ከዚያ ቅባቱን አጥባለሁ፣ ርዝመታቸውን እለካለሁ። ከፍተኛው 2.105 ኢንች ነው፤ ያለፈውን እቆርጣለሁ። ይህን ሥራ ማሽኑ አይሠራልህም፤ ፕሮግረሲቭ ገዝተው «ፍጥነቱ የታለ?» የሚሉ ሰዎች የረሱት ይህን ነው። በሁለተኛው ዙር ንጹህና እኩል ቀለህ ይዤ እገባለሁ። ፕራይመር፣ ባሩድ፣ ዓይን፣ አረር፣ ማጥበቅ። ያኔ ማሽኑ እንደ ቅቤ ይሄዳል።

ርዝመት ላይ የሙጥኝ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ያንተ ሌቨር አክሽን ጥይቶቹን በርሜሉ ስር ባለው ቱቦ ውስጥ በሰልፍ ይይዛል። ስትተኩስ የኋለኞቹ ይገፋፋሉ። አፉ በደንብ ካልጠበቀ አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ አፉን አረሩ ወገብ ላይ ወዳለችው መስመር አጥብቀህ ትጨምድደዋለህ። ቀለሆቹ እኩል ካልሆኑ አጭሩ አይጠብቅም፣ ረጅሙ ደግሞ ከመጠን በላይ ተጨምድዶ ጎኑ ያብጣል፤ ያበጠው መግቢያው ላይ አይገባም። ሌላም አለ። ቱቦው ውስጥ የአንዱ አረር ጫፍ የፊተኛው ፕራይመር ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ጫፉ ጠፍጣፋ አረር ብቻ። ሹል የብረት ጫፍ ያለው ቱቦ ውስጥ እንዳታስገባ። ለስላሳ የላስቲክ ጫፍ ያላቸው ለሌቨር አክሽን ተብለው የተሠሩ አሉ፤ እነሱ ይቻላል።

ማንዋል፣ ማለትም የባሩድ ልክ ሠንጠረዥ ያለበት መጽሐፍ፣ ግዛ። ላይማን ወይም ሆርናዲ፣ የትኛውም። 45-70 ላይ ስትደርስ አንድ ሳይሆን ሦስት ሠንጠረዥ ታገኛለህ። አንዱ ለትራፕዶርና ለመሰሎቹ ለድሮዎቹ ደካሞች ነው። አንዱ ለዘመናዊ ሌቨር አክሽን፣ ለምሳሌ በ1972 እንደገና መመረት ለጀመረው ማርሊን 1895 ነው። ሦስተኛው እንደ ሩገር ቁጥር 1 ላሉ ጠንካሮች። የጥይቱ ስም አንድ፣ ግፊቱ ግን ሰማይና ምድር። የሦስተኛው ሠንጠረዥ ጥይት ትራፕዶር ውስጥ ይገባል፣ ይዘጋል፣ ከዚያ አደጋ ነው። ከቪዲዮ ቁጥር አትቅዳ። ከሠንጠረዡ ዝቅተኛው ጀምር። እያንዳንዱ ፓኮ ላይ ቀን፣ ባሩድ፣ ልክ፣ አረርና የየትኛው ጠመንጃ እንደሆነ ጻፍ። እኔ በአማርኛ ነው የምጽፈው፤ ተኩስ ሜዳ ላይ ማንም «አንድ ስጠኝ» አይለኝም።

ወደ ውጅግራው። የልብህ ጉዳይ እንደሆነ ገብቶኛል፣ የኔም ነው። ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ይሉታል፤ አባቶቻችን አፍ ላይ ውጅግራ ሆነ። የ1874 ሞዴል ነው፣ ከ45-70 በአንድ ዓመት ታናሽ። የጥይቱ መጠንም ወንድማማች ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር፣ 25 ግራም አረር፣ 5 ግራም ከሩብ ጥቁር ባሩድ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተተኮሱት አንዱ እሱ ነው። ጥይቱ ደግሞ አገራችን ውስጥ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ ያውቃል፤ እንግዲህ አንድ ጥይት ተኩሶ መሳት ሳንቲም መጣል ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአስመጪ በኩል እዚህ አሜሪካ እየተሸጡ ነው። በፌዴራል ሕግ እስከ ፈረንጆች 1898 የተሠራ ጠመንጃ «አንቲክ» ስለሚባል ግዢው ይቀላል። የክልልህን ሕግ ግን እይ።

በፕሮግረሲቭ ይሞላል ወይ? ተወው። ጥቁር ባሩድ ሌላ ጠባይ አለው። በአረሩና በባሩዱ መካከል ክፍት ቦታ መቅረት የለበትም። በረጅም ቱቦ ቀስ ብለህ ታወርደዋለህ፣ ከላዩ የካርቶን ክዳን ታደርጋለህ፣ ትጫነዋለህ፣ ከዚያ አረሩን። በቀላሉ የሚቀጣጠል ነውና ለጭስ አልባ ባሩድ በተሠራ መስፈሪያ ውስጥ አይገባም። ደግሞ ቀለሁ ውድ ነው። 20 ቀለህ ኖሮህ በዓመት ሁለቴ ለክብሩ ትተኩሳለህ፤ ለዚያ ነጠላዋ ማሽን ከበቂ በላይ ናት። ከሁሉ በፊት ግን ጠመንጃ ጠጋኝ ያሳየው። አንዳንዱ ውጅግራ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሌበል ተቀይሯል፣ ስለዚህ ማህተሙን አምኖ ጥይት መግዛት አይሆንም። ብዙዎቹም በርሜላቸው በዝገት ተበልቷል። ግድግዳ ላይ ማንጠልጠልም ክብር ነው።

ሕጉን በአጭሩ። እዚህ ለራስህ ለመሙላት የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልግም። ለመሸጥ ከሆነ የአምራች ፈቃድ ግድ ነው፤ «ለጓደኛ በወጪው ልስጠው» የሚል ጨዋታ ውስጥ አትግባ። አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች ደግሞ፣ እዚያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ይህ የጋራዥ ጨዋታ እዚያ የሚሞከር አይደለም። እዚህ አሜሪካ የእሳት አደጋ ደንቡ መኖሪያ ቤት ውስጥ ጭስ አልባ ባሩድ በራሱ ዕቃ እስከ 20 ፓውንድ፣ ፕራይመር እስከ 10,000 ይላል፤ ከተማህ ከዚያ ሊያጠብቅ ይችላል። ፕራይመር ከራሱ ፓኮ አውጥተህ ጠርሙስ ውስጥ አታጠራቅም። ማሽኑ ላይ መቶ ፕራይመር በአንድ ቱቦ ተደርድሮ ነው የሚቆመው፤ አልገባ ካለ በጉልበት አትግፋ፣ አንዷ ስትፈነዳ ሌሎቹን ትጠራለች። መነጽር ሳታደርግ እጀታ አትንካ።

ቡናውን ቃል ገብቼ ነበር። የተተኮሰ ቀለህ ውስጥ ያለው ጥላሸት እርሳስ አለበት። ቀለህ ማጽጃው ሲንቀጠቀጥ የሚያነሳው አቧራም እንዲሁ። ስኒህ አጠገቡ ካለ ትጠጣዋለህ። በተለይ ልጆች ካሉህ ጋራዥ ውስጥ የለበስከውን ይዘህ ሳሎን አትግባ፣ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ኩሽና ውስጥ ቀለህ የሚያጥብ አንድ ወዳጅ ነበረኝ፤ ሚስቱ ሳህን ማጠቢያው ውስጥ ስታገኘው የሆነውን እዚህ አልጽፈውም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ግዛ የምልህ፦ ጠንካራ ነጠላ ማሽን፣ ባለ ሦስት ዳይ የ45-70 ስብስብ፣ ጥሩ ሚዛን፣ ካሊፐር (የቀለህ ርዝመት መለኪያ)፣ መዶሻ መፍቻ፣ ማንዋል። የመጀመሪያዎቹን 200 በዚያ ሙላ። ከዚያ በኋላም ፕሮግረሲቩ ካማረህ ገንዘብህን አልከለክልም፤ ነጠላዋን ግን እንዳትሸጣት፣ ለውጅግራው ትፈልጋታለህ። ዴንቨር አካባቢ ከሆንክ ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዤ ክፍት ነው። የተኮስካቸውን ባዶ ቀለሆች አምጣ፣ ሁለቱንም ማሽን በእጅህ ትሞክራለህ። ስልክህን መኪናህ ውስጥ ትተህ ግባ።